ሙዚቃው ከነታሪኩ፦ የጆርዲ ሳቫል ሲዲ-መጻሕፍት

አሊያ ቮክስ አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ ነው። ያቋቋሙት ካታሎናዊው ሙዚቀኛ ጆርዲ ሳቫልና ባለቤቱ ድምፃዊት ሞንሴራት ፊጌራስ ናቸው፤ ዘመኑም 1998 ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው ከመካከለኛው ዘመን እስከ ባሮክ (እስከ 1750 ገደማ) ያለውን የአውሮፓ የድሮ ሙዚቃ ቀድቶ ማውጣት ነው። ይህን የሚሠራ ሌላም ሞልቷል። አሊያ ቮክስን የለየው ሲዲውን በመጽሐፍ ማቅረቡ ነው። እያንዳንዱ ሲዲ ውስጥ የምናገኛት ቀጭን ቡክሌት አይደለችም። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በባለቀለም ሥዕልና በብራና ፎቶ የተሞላ፣ አንዳንዴም ከ500 ገጽ የሚያልፍ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ነው። ሁለት ሦስት ሲዲ አብሮት ይመጣል።

ሙዚቃን ከጥናት ጋር አጣምሮ መሸጥ ሳቫል የጀመረው ነገር አይደለም። የጀርመኑ የሙዚቃ አሳታሚ ዶይቸ ግራሞፎን በ1947 አርኪቭ ፕሮዱክሲዮን የተባለውን ክፍል ሲከፍት የሙዚቃ ታሪክን በምርምር ዘርፎች ከፋፍሎ ነበር። በ1971 ደግሞ ሃርኖንኩርትና ሌዮንሃርት የተባሉ ሁለት የድሮ ሙዚቃ መሪዎች የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን የቤተ ክርስቲያን ካንታታዎች (በመሣሪያ የታጀቡ የመዝሙር ድርሰቶች) በሙሉ መቅዳት ጀመሩ፤ እስከ 1989 ፈጀባቸው። ሸክላዎቹ የሚሸጡት ሙሉው የሙዚቃ ኖታ አብሮ ታትሞ ነበር። ኖታ ማንበብ ለሚችል ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። ለማይችለው ግን መደርደሪያ ማሟያ ከመሆን አያልፍም። እንግሊዛዊው ዴቪድ መንሮውም በ1976 የጥንት የሙዚቃ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ የሚያስተዋውቅ ሸክላ ከመጽሐፍ ጋር አውጥቷል።

እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለሙዚቃ ሰው ነው። ሳቫል ያሰበው ሌላ አንባቢ ነው፤ ታሪክ የሚወድ፣ ስለ ኖታ ግን ብዙም የማይጨነቅ። ለእኔ ዋናው ብልሃቱ ይሄ ነው።

ሰውየው በ1941 ባርሴሎና አጠገብ ኢጓላዳ በምትባል ከተማ ተወለደ። የተማረው ቼሎ ነው። በኋላ ቪዮላ ዳ ጋምባ ወደሚባል የተረሳ መሣሪያ ዞረና ስዊዘርላንድ ባዝል ሄዶ ተማረው። ጋምባ እንደ ማሲንቆ ጉልበት መሃል ተይዞ በደጋን የሚመታ ነው፤ ጅማቱ ግን ስድስት ወይም ሰባት ነው። ድምፁ ከቼሎ ይለሰልሳል፣ ትንሽም ያንጎራጉራል። በ1974 ከፊጌራስና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ሄስፔሪዮን 20 የተባለውን ቡድን መሠረቱ፤ ክፍለ ዘመኑ ሲዞር ስሙ ሄስፔሪዮን 21 ሆነ። ሕዝብ በስፋት ያወቀው በ1991 ነው። ስለ ሁለት የፈረንሳይ ጋምባ ተጫዋቾች የተሠራ ፊልም ሙዚቃው የእሱ ነበር፤ ፊልሙም ተወደደ፣ ሙዚቃውም ተሸጠ። ሰባት ዓመት ቆይቶ የራሱን አሳታሚ ከፈተ።

ከቀደሙት ትልልቅ ሲዲ-መጻሕፍት አንዱ በ2005 የወጣው ዶን ኪሆቴ ነው። የስፔኑ ደራሲ ሰርቫንቴስ በዚህ ስም በሚታወቀው ልቦለዱ ውስጥ የጠቀሳቸው ዘፈኖችና የዘመኑ ሙዚቃዎች ተለቅመው ተዘፈኑ። በ2006 ኮሎምበስ፣ በ2008 ኢየሩሳሌም፣ በ2009 ካታሮች፣ በ2010 ሊቃነ ጳጳሳት የወጡበት የቦርጂያ ቤተሰብ፣ በ2012 የፈረንሳይዋ ጀግና ዣን ዳርክ ተከተሉ። ዓመቶቹን ልብ ብሎ ላየ ነገሩ ይገለጥለታል። ዶን ኪሆቴ ከታተመ 400 ዓመቱ፣ ኮሎምበስ ከሞተ 500 ዓመቱ፣ በካታሮች ላይ የተነሳው የመስቀል ጦርነት 800 ዓመቱ፣ ዣን ዳርክ ከተወለደች 600 ዓመቷ ነበር። አጋጣሚ አይመስለኝም። መታሰቢያ በዓል ሲመጣ ኮንሰርትም፣ ገዢም፣ አንባቢም አብሮ ይመጣል።

ኢየሩሳሌም ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚጀምረው በቀንደ መለከት ጩኸት ነው፤ የኢያሪኮ ግንብ የፈረሰበት ያ ታሪክ መሆኑ ነው። ከዚያ የአይሁድ መዝሙር፣ የመስቀል ጦረኞች ዘፈን፣ አዛን፣ የኦቶማን ሙዚቃ፣ የአርመን ሙሾ እየተከታተሉ ይመጣሉ። መሃል ላይ ድንገት የተቧጨረ የድሮ ቅጂ ይሰማል። ሽሎሞ ካትዝ የሚባል የሮማንያ አይሁዳዊ የምኩራብ ዘማሪ ነው። በ1941 ከሌሎች ጋር ሊገደል ሲል የሙታንን ጸሎት ልዘምር ብሎ ለመነ። የሰማው መኮንን ልቡ ተነካና እንዲያመልጥ ረዳው። ያንኑ ጸሎት በ1950 ቀዳው። መጽሐፉን ሳያነብ የሚሰማ ሰው አሮጌ ቅጂ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ያነበበ ግን ሌላ ነገር ነው የሚሰማው።

የካታሮቹ ሥራ ደግሞ የዚህን አሠራር ጥንካሬም ድክመትም አንድ ላይ ያሳያል። ካታሮች በደቡብ ፈረንሳይ የነበሩ፣ ሮም መናፍቃን ብላ ያወገዘቻቸው ክርስቲያኖች ናቸው። በ1209 የቤዚዬ ከተማ ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ በ1244 ሞንሴጉር አምባ ሲወድቅ ከ200 በላይ ሰዎች ተቃጠሉ። ሳቫል ይህን በሦስት ሲዲ ይተርካል። ችግሩ ግን ከካታሮች የተረፈ ዜማ የለም። ከጎናቸው የነበሩት ገጣሚ ዘፋኞች፣ ትሩባዱሮቹ፣ ከ2,500 በላይ ግጥም ትተዋል፤ ከነዜማው የተገኘው ግን ከአሥር አንዱ ገደማ ነው። እሱም በአንድ መስመር የተጻፈ ዜማ እንጂ ምቱ ምን እንደነበር፣ ምን መሣሪያ እንዳጀበው አይናገርም።

ስለዚህ የአንዱን ግጥም በሌላው ዜማ መዝፈን ግድ ይሆናል። ይህ በዚያ ዘመንም የተለመደ ነበር። ከበሮው፣ ዱዱክ የተባለው የአርመን ዋሽንት መሰል መሣሪያ፣ ረጅሙ መግቢያ ግን የሳቫል ምርጫ ነው። ጠንቃቃ የሙዚቃ ታሪክ አጥኚዎች ፊታቸውን የሚያጨማድዱት እዚህ ላይ ነው። እኔ በግሌ አይከፋኝም፤ ግምት መሆኑን እስካወቅን ድረስ። የሚያሳስበው መጽሐፉ በእግር ማስታወሻና በብራና ፎቶ ሲታጀብ የግምቱም ክፍል የተረጋገጠ መምሰሉ ነው።

ሌላም አለ። ኢየሩሳሌም ከ400 ገጽ በላይ ነው ሲባል ያስደነግጣል፤ ግን አንዱ ጽሑፍ ዕብራይስጥና ዐረብኛን ጨምሮ በስምንት ቋንቋ ተደጋግሞ ታትሟል። ለአንድ አንባቢ የሚደርሰው 50 ገጽ ገደማ ነው፤ ሥዕሉ ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። ዋጋውም እንደ ውፍረቱ ነው። ይሁን እንጂ የዘፈኑ ግጥም ከነትርጉሙ ጎን ለጎን መቀመጡ ብቻውን ብዙ ነገር ያካክሳል።

እውቅናውም አልጠፋም። የቦርጂያው ሥራ በ2011 የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ፊጌራስ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አረፈች፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ሥራዎች ላይ የምንሰማው የሴት ድምፅ የእሷ ነው። ሳቫል ግን አላቆመም። በ2016 ከ1444 እስከ 1888 ያለውን የባሪያ ንግድ የሚተርክ ሥራ አወጣ፤ 1888 ብራዚል ባርነትን የሻረችበት ዓመት ነው። የማሊ፣ የማዳጋስካር፣ የሜክሲኮና የብራዚል ሙዚቀኞች ከአውሮፓውያኑ ጋር ተጫወቱ። ኮራ የተባለውን በገና መሰል የምዕራብ አፍሪካ መሣሪያ የሚጫወተው ባላኬ ሲሶኮ ነው። ከሁሉም በመጀመሪያ ይሄ ቢሰማ እመርጣለሁ፤ ለአፍሪካዊ ጆሮ ሩቅ አይደለም።

እኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ በ1990ዎቹ በሦስት ቅጽ ከሲዲ ጋር ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ጥናት ነው። ለምሁር የተዘጋጀ እንጂ እንደ ሳቫል ለሁሉም አንባቢ የተሠራ አይደለም። ግን እነሱ ግምት ውስጥ መግባት አላስፈለጋቸውም፤ ምልክቱን እያየ የሚያዜም ደብተራ ዛሬም አለ።

አሁን አብዛኛው ሰው እነዚህን ሥራዎች በስልኩ ነው የሚሰማው። ሙዚቃው በኢንተርኔት ማዳመጫዎች ላይ ይገኛል፤ ጉዳቱ ትርጉሙና ታሪኩ መቅረቱ ነው። ያ ከሆነ ቢያንስ ስለ ዘመኑ አጠር ያለ ነገር አስቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል። ዘፈኖቹን የሚያቀላቅለው ቁልፍ ደግሞ ይዘጋ። ሥራዎቹ በዘመን ቅደም ተከተል የተሰደሩ ስለሆኑ፣ ያ ቁልፍ ከተከፈተ ሞንሴጉር ከቤዚዬ በፊት ይወድቃል።