«ለጥላው አንሱ፣ ለደማቁ እጠቡ» ማለት ምንድን ነው?

በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች የሚቀባበሉት የቆየ ምክር ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። አንዴ ከገባ ግን ብርሃን የምታዩበትን ዓይን ይለውጠዋል።

በኔጌቲቭ፣ ማለትም ታጥቦ በወጣው ፊልም ላይ ሁሉም ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ደማቁ ሰማይ ጥቁር ይሆናል፣ ጥላው ደግሞ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ጥላው ካረፈበት የፊልሙ ክፍል ላይ በቂ ብርሃን ካልደረሰ እዚያ የተቀረጸ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ፊልሙን የቱንም ያህል ብታጥቡት ከባዶ ነገር አይወጣም። የጥላው ነገር የሚያልቀው ካሜራው «ቀጭ» ሲል ነው።

ደማቁ ቦታ ጠባዩ ሌላ ነው። ፊልሙ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ሲገባ ጥላው ያለውን ጥቂት ነገር ቶሎ አውጥቶ ይጨርሳል። ብዙ ብርሃን ያገኘው ቦታ ግን ደቂቃ በተጨመረ ቁጥር መጥቆሩን ይቀጥላል። በጣም ከጠቆረ ደግሞ ሲታተም ዝም ብሎ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ደማቁን የምትገሩት በእጥበት ሰዓት ነው። ሁለት ልጓም አላችሁ ማለት ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው።

አሜሪካውያኑ ፎቶ አንሺዎች አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ይህን በቁጥር አስቀመጡት። ስሙ ዞን ሲስተም ይባላል። ከድፍን ጥቁር እስከ ንጹህ ነጭ ያለው ከ0 እስከ 10 ይከፈላል። አንዱ ዞን ከሌላው በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ ብርሃን ይለያል። መሃል ላይ ያለው ግራጫ ዞን 5 ነው።

በተግባር እንየው። ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ አጠገብ ቆሟል። የብርሃን መለኪያውን ካፖርቱ ላይ ስታነጣጥሩ በኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ላይ 1/30 ሰከንድ አለ እንበል። መለኪያው የሚያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። እናንተ ግን የምትፈልጉት የጨርቁ ሽመና የሚታይበት ጥቁር ነው፤ ያ ዞን 3 ነው። ሁለት ስቶፕ ቀንሱና በ1/125 አንሱ። ግድግዳው ለብቻው ሲለካ 1/2000 ካለ፣ ከ1/125 በአራት ስቶፕ ይበልጣል፤ ዞን 9 ላይ ወደቀ ማለት ነው። እዚያ የልስኑ ሸካራነት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የእጥበቱን ጊዜ ስትቀንሱ ግን ወደ ዞን 8 ይመለሳል። 10 ደቂቃ የሚታጠብ ፊልም ከሆነ ከ8 ደቂቃ አካባቢ መጀመር ይቻላል፤ ትክክለኛውን ግን በራሳችሁ ፊልምና ዴቨሎፐር ሞክራችሁ ነው የምታገኙት። ሰማዩ ደምኖ ሁሉም ነገር ሲደበዝዝ ደግሞ በተቃራኒው እጥበቱን ታስረዝማላችሁ።

አንድ ችግር አለ። ጥቅል ፊልም አብሮ ነው የሚታጠበው፤ አንዱን ምስል ለይቶ ማሳጠር አይቻልም። ይህ ዘዴ በትልቅ ካሜራ፣ ፊልሙ በነጠላ በሚታጠብበት አሠራር የተመቸውም ለዚህ ነው። ጥቅል ፊልም ለምትጠቀሙ፣ አንዱን ጥቅል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመሳሳይ ብርሃን ላይ መጨረስ ይረዳል።

በዲጂታል ካሜራ ግን ምክሩን ገልብጡት። እዚያ የማይመለሰው ደማቁ ነው፤ አንዴ ከተቃጠለ አበቃ። ጥላው በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሊነሳ ይችላል። ስላይድ ፊልምም (ሳይገለበጥ ቀጥታ ምስሉን የሚሰጠው ፊልም) ደማቁ ስለማይመለስ እንደዚሁ ነው፤ መለኪያችሁን መጀመሪያ ደማቁ ላይ አነጣጥሩ።