በጎጃም አጥቢያዎች የልዩ ልዩ ባህል ምእመናን ግንኙነት

ጎጃም በአብዛኛው የአማራ ሕዝብ የሚኖርበት ቢሆንም የአዊ አገውም አገር ነው፤ ቀድሞ የክፍለ ሀገሩ አካል በነበረው መተከል ደግሞ ጉሙዝ፣ ሺናሻና ኦሮሞ ይኖራሉ። በዚህ ምድር ቋንቋና ልማዳቸው የተለያየ ክርስቲያኖችን ያቀራረበው ስብከት ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ይበልጥ አብሮ መማር፣ አብሮ መብላትና መንፈሳዊ ዝምድና ነው። እነዚህ ባልተዘረጉበት ቦታ በአንድ ቅዳሴ የሚቆሙ ሰዎች እንኳ ተራርቀው ኖረዋል።

በዚህ ረገድ ቀዳሚውን ቦታ የሚይዘው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው የገነነ በመሆኑ ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ ሳይቀር ተማሪ ይመጣባቸው ነበር። የቆሎ ተማሪው አገሩን ትቶ፣ ለምዱን ለብሶና አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም፣ የቤቱ እመቤት ዘሩን ሳታጣራ ከማዕዷ ታካፍለዋለች። በጉባኤው ውስጥም ክብር የሚገኘው በሙያ ነው፤ ቅኔ የሚቆጠረው የማንም አፍ መፍቻ ባልሆነው በግእዝ ስለሆነ የሩቅ አገር ልጅ የአገሬውን ልጅ ሊቀድም፣ ሲመረቅም በዚያው ወንበር ዘርግቶ የኔታ ሊባል ይችላል። በእኔ ግምት በጎጃም ለእንግዳ ሰው ይህን ያህል በሩን የከፈተ ሌላ ተቋም የለም።

የውጭ አገር ሰዎችም በጎጃም የተለያየ ዕጣ ገጥሟቸዋል። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ከግብፅ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ሲመደቡ፣ የአገሩ ተወላጅ ባይሆኑም በማዕረጋቸው ተከብረው አገልግለዋል። ከዚያ በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡት ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ሚስዮናውያን ታሪክ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይን ምንጭ ያየው ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋ ተምሮና የአገሩን ልማድ አጥንቶ በትዕግሥት ሲሠራ፣ እርሱን የተካው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ምእመኑ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ አዘዘ። የአባቶቹ ጥምቀት ከንቱ ነው የተባለ ሕዝብ የእምነት ወንድም የመጣለት አልመሰለውም፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን እምነት ለመመለስ ተገደዱ።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ደግሞ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ይጠቀሳሉ። በሰንበቴ አባላቱ በየተራቸው ዳቦና ጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያመጣሉ፤ ካህን ባርኮት ነዳያንም ይመገቡታል። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ አባላት ሲጣሉም ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ ጽዋው ሳይነሣ ለማስታረቅ ይጥራል። አማራና አገው በሚጎራበቱባቸው በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢዎች ተራ ገብቶ መደገስ ጎረቤት የጎረቤቱን ቤት፣ ምግብና ቋንቋ እንዲያውቅ ያደርገዋል። የክርስትና አባትነት ደግሞ ቤተሰቦችን እንደ ሥጋ ዘመድ ስለሚያስተሳስር በሁለቱ ወገኖች መካከል ጋብቻን እስከ መከልከል ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ግን ሁሉንም አላቀፈም። ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቆዳ ፋቂዎች «ቡዳ» እየተባሉ፣ ቅዳሴ ባይከለከሉም ጋብቻና ማዕድ ሲነፈጉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም፣ አዋጅ ማኅበር ውስጥ ገብቶ ጽዋ አያስጠጣምና ልማዱ ቶሎ አልተነቀለም። በመተከልም ደገኛው ጉሙዞችን ለረጅም ጊዜ በንቀት ስም ሲጠራቸው፣ ለባርነትም ሲያድናቸው ስለኖረ፣ በመካከላቸው የሚሠራ ሰባኪ ሁሉ ይህ ትዝታ አብሮት እንደሚገባ ማወቅ ይኖርበታል።

ወንጌላውያንና ካቶሊኮች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ የባሕር ዳርና ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. የተቋቋመው በግእዝ ሥርዓት ነው።

ዛሬ የቆሎ ተማሪን የሚያስታውሰው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤ፣ ማለትም የኦርቶዶክስ ተማሪዎች መንፈሳዊ ማኅበር ነው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ከመላ አገሪቱ የተመደቡ ተማሪዎች በአካባቢው አጥቢያዎች ይሰበሰባሉ። በአማርኛ የሚሰጠውን ትምህርት በቅጡ የማይከታተሉ ስለማይጠፉ፣ ጉባኤው በአፍ መፍቻቸው የሚዘምሩበትንና ንስሐ የሚገቡበትን ካህን የሚያገኙበትን መንገድ ማመቻቸት አለበት፤ በተለይ በኑዛዜ ጊዜ አስተርጓሚ ማስገባት ስለሚያስቸግር የካህኑ ቋንቋ ማወቅ ወሳኝ ነው።