ሬይንስክሪን ግድግዳ ዝናብን የሚያቆመው የት ላይ ነው?

ሬይንስክሪን ግድግዳ ማለት ከክላዲንጉ፣ ማለትም ከውጭ ከሚሸፍነው ልባስ፣ ጀርባ ባዶ ክፍተት የተተወለት ግድግዳ ነው። ብዙ ሰው የውጭው ክላዲንግ ጠብታ ውሃ አያሳልፍም ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ክላዲንጉ አብዛኛውን ዝናብ ይመልሳል፤ ጥቂቱ ግን በመገጣጠሚያዎቹ ሾልኮ ይገባል። ግድግዳው የሚሠራውም ይህ ታስቦ ነው።

ዋናው ነገር ያ ባዶ ክፍተት ነው፤ 20 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው የተለመደ ነው። የገባው ውሃ በዚያ ወርዶ ከታች ይወጣል። ክፍተቱ ላይና ታች ክፍት ከሆነ ደግሞ አየር እየተዘዋወረ የቀረውን እርጥበት ያደርቃል። ከክፍተቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ውሃ መከላከያ ሽፋን የመጨረሻው አጥር ነው። እሱ ከተቀደደ ክላዲንጉ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም።

ስለዚህ እባካችሁ የታችኛውን መውጫ በሲሊኮን አትድፈኑት! ውሃውን እዚያው ማሰር ነው። ነፍሳት እንዳይገቡ ከሆነ ወንፊት ይበቃል።