«ያንግ ፍራንከንስታይን» (የ1974 ፊልም)

«ያንግ ፍራንከንስታይን» (ወጣቱ ፍራንከንስታይን) ሜል ብሩክስ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1974 ለእይታ የበቃ የአሜሪካ ኮሜዲ ፊልም ሲሆን፣ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በ1930ዎቹ የሠራቸውን የፍራንከንስታይን አስፈሪ ፊልሞች እግር በእግር እየተከተለ ይቀልድባቸዋል። በተለይ የሚከተለው ጄምስ ዌል በ1931 እና በ1935 ያዘጋጃቸውን ሁለት ፊልሞችና በ1939 የወጣውን «የፍራንከንስታይን ልጅ» ነው። የሁሉም ሥር በ1818 የታተመው የሜሪ ሼሊ ልቦለድ ቢሆንም፣ የቀልዱ ዒላማ መጽሐፉ ሳይሆን ፊልሞቹ ናቸው። ጎባጣው ረዳት እንኳ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ በ1931ዱ ፊልም ፍሪትዝ ይባል ነበር፣ ኢጎር የሚለው ስም የመጣው ደግሞ ከ1939ኙ ነው።

ጂን ዋይልደር የሚጫወተው ፍሬዴሪክ በአሜሪካ የሕክምና መምህር ነው። ሙት አስነሣለሁ ባለው አያቱ ስለሚያፍር፣ ስሙን የሚጠራው ሁሉ «ፍሮንከንስቲን» እንዲለው አጥብቆ ያሳስባል። በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ላይ ተማሪ ስለ አያቱ ሲነዘንዘው ይናደድና በእጁ የያዘውን የቀዶ ጥገና ቢላ የገዛ ጭኑ ላይ ይሰካዋል፤ ከዚያም እንዳልተጎዳ ሰው እግሩን በእግሩ ላይ አነባብሮ ትምህርቱ ማለቁን ያስታውቃል። ቀጥሎ በትራንሲልቫኒያ የሚገኘውን የቤተሰቡን ግንብ ወርሶ ሲሄድ፣ ማርቲ ፌልድማን የሚጫወተው ኢጎር ባቡር ጣቢያ ይቀበለውና እርሱም በተራው «አይጎር ነው የምባለው» ይለዋል። ፍሬዴሪክ በግንቡ ውስጥ «እንዴት እንደሠራሁት» የሚል የአያቱን መጽሐፍ ካገኘ በኋላ የናቀውን ሥራ ራሱ ይገባበታል፤ ከሬሳ ጭራቅ ሠርቶ ሕይወት ይዘራበታል።

ብሩክስና ዋይልደር ጽሑፉን በጋራ ሲያዘጋጁ ከያዟቸው አቋሞች ዋነኛው ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ይቀረጽ የሚለው ነበር። ኮሎምቢያ ስቱዲዮ በዚህና በበጀቱ ስላልተስማማ ሥራው ወደ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ ተዛወረ። የካሜራ ባለሙያው ጄራልድ ሂርሽፌልድ ብርሃንና ጥላውን እንደ ድሮው አድርጎ ሠራ፤ ትዕይንቶቹም በዚያ ዘመን እንደተለመደው ክብ እየጠበበ ሲዘጋቸው ወይም አንዱ ሌላውን እየገፋ ሲያስወጣው ይታያል። የቤተ ሙከራው ብልጭታ የሚተፉ መሣሪያዎች እንኳ አስመስለው የተሠሩ አይደሉም። ኬኔት ስትሪክፋደን ለ1931ዱ ፊልም የሠራቸው፣ እስከዚያ ድረስ በጋራዡ ያስቀመጣቸው ዕቃዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ፊልም ስሙ ሳይጠቀስ የቀረው ይህ ሰው ምስጋናውን ያገኘው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ከቀልደኞቹ ነው።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ያስፈለገው ቀልዱ ስለሚጠይቀው ይመስለኛል፤ ምንጩን ያላየ ተመልካች እንኳ ከፊቱ ያለው የጭራቁ ሐዘን የእውነት እንዲመስለው ያደርጋልና። በ1931ዱ ፊልም ረዳቱ ጤናማውን አንጎል ጥሎ ሲሰብረው የበሽተኛውን ይዞ ይሄዳል። እዚህም የሚሆነው ያው ነው፤ ኢጎር ግን «አብኖርማል» ማለትም ጤና የጎደለው የሚለውን ጽሑፍ የሰው ስም አድርጎ «አቢ ኖርማል» ሲል ያነበዋል። በ1935ቱ ፊልም ብቸኛው ዓይነ ስውር መናኝ ጭራቁን አብልቶና ሲጋራ አስጭሶ ወዳጅነትን ያስተምረዋል። ጂን ሃክማን የሚጫወተው የብሩክስ መናኝም ደግነቱ አልተቀነሰም፣ ችግሩ አለማየቱ ነው፤ ትኩሱን ሾርባ እንግዳው ጭን ላይ ይገለብጣል፣ ለጤናችን ብሎ ሲያጋጭ የእንግዳውን ዋንጫ ይሰብረዋል፣ በመጨረሻም በሲጋራው ፈንታ አውራ ጣቱን ይለኩስለታል። ፒተር ቦይል እንደ ጭራቅ ሆኖ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ችሎ ሲቀመጥ ማየት ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ነው።

ፍሬዴሪክና ጭራቁ ሙሉ ልብስና ረጅም ባርኔጣ አድርገው በአርቪንግ በርሊን ዘፈን መድረክ ላይ የሚጨፍሩበት ትዕይንት ግን ያለ ክርክር አልገባም። ብሩክስ ከልክ ያለፈ ቂልነት ነው ብሎ ተቃወመ፤ ዋይልደር አጥብቆ ተሟገተለትና አስገባው።

የተቀሩት ቀልዶች ከምንጮቹ ጋር ብዙም ዝምድና የላቸውም። ክሎሪስ ሊችማን የምትጫወታት የግንቡ ጠባቂ ፍራው ብሉከር ስሟ በተጠራ ቁጥር ውጭ ያሉት ፈረሶች በድንጋጤ ያሽካካሉ። ፌልድማን ጉብታውን በየቀኑ በስውር ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውር ነበር፤ ሌሎቹ ሲነቁበት ነገሩ ራሱ ቀልድ ሆኖ ፊልሙ ውስጥ ገባ። ኢጎር ጌታውን ባቡር ጣቢያ ላይ መንገድ ሲመራና አጭር ከዘራውን ሲያቀብለው የሚናገረው ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ደግሞ በአማርኛም ይሠራል፤ «በዚህ ይሂዱ» ሲለው አቅጣጫውንም ከዘራውንም ማለቱ ይሆናል፣ ፍሬዴሪክም ጎብጦ እያነከሰ ይከተለዋል።

ከ3 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ የተሠራው ፊልም ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በጽሑፉና በድምፁ ለሁለት ኦስካር ታጨ፣ በ2003 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የፊልም መዝገቡ አሰፈረው። በ2007 ብሩክስ የሙዚቃ ቴአትር አድርጎ ብሮድዌይ ላይ አወጣው።

ዋይልደር ሥራውን ሲጀምር ብሩክስ በትወና እንዳይገባ ቃል አስገብቶት ነበር፤ ለካሜራው መጥቀስ የሚወድ ሰው የዘመኑን ድባብ ያፈርሳል ብሎ ሠግቷል። ብሩክስ ቃሉን በዓይን ጠበቀ፣ በጆሮ ግን አልጠበቀም። ባለ እንጨት ክንዱ የፖሊስ ኢንስፔክተር ኬምፕ ከፍሬዴሪክ ጋር ፍላጻ ሲወረውር፣ የተረበሸው ፍሬዴሪክ ዒላማውን ስቶ አንዷን በመስኮት ይልካታል፤ ውጭ በጨለማው ውስጥ ተወግታ የምትጮኸው ድመት ድምፅ የራሱ የዳይሬክተሩ ነው።