የሚጠየቀው ሰው ነው

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካ እስከ ወረባቦ ገጠር ወጣቱን ያስጨነቀው ነገር አንድ ነው፦ ሥራውን ማሽን ከወሰደው፣ ምርጫው በስልክ ከሆነ፣ መታወቂያው ቁጥር ከሆነ እኛ ምን ልንሆን ነው? «ሁላችሁም እረኞች ናችሁ፤ ስለምትጠብቁትም ትጠየቃላችሁ» የሚለው ሐዲስ (ቡኻሪና ሙስሊም) መነሻ ይሁነን። ማሽን ሒሳብ የለበትም፤ ያዘዘው ሰው ግን አለበት።

ነቢዩላህ ዳዉድ ጥሩር (የጦር የብረት ልብስ) እየሠሩ በእጃቸው ድካም ይበሉ ነበር። ዛሬ ጥሩር የሚያሠራ የለም። በሱራ ሰበእ 11 «ሰንሰለቱን መጥን» የተባለው፣ ሥራህን በልኩ ሥራ ማለት፣ ግን ለልብስ ሰፊዋም ለኮምፒውተር ባለሙያውም ይሠራል። በፈረቃ የምትሠሩ፣ የሥራ ሰዓት ሕጉ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የሶላትን ነገር ውል ሳትፈርሙ አንሡ። የዙህር ወቅት እስከ ዐስር ስለሚዘልቅ 10 ደቂቃ ጠይቁ እንጂ አዛን እንደተሰማ ማሽን ጥሎ መውጣት ውል ማፍረስ ነው። ጁሙዓ ግን በጀማዓ በተወሰነ ሰዓት የሚሰገድ ነውና ፈረቃ መቀያየሩን አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል። ሞፈር ሲጨብጥ የኖረ እጅ አሻራው ይፋቃል፤ ዓይንም የሚነሳው አንዱ ለዚህ ነው። «ጣቶቹንም ማስተካከል እንችላለን» የሚለውን (ቂያማህ 4) ስለ መታወቂያ እንደወረደ አድርገው የሚሰብኩ አሉ፤ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ትንሣኤ ነው፣ ባናጣምመው ደግ ነው። በስልክ የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አትስጡ፤ በስማችሁ የሚፈጸመው በእናንተ ላይ ይጻፋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ፈትዋ (የሸሪዓ ብይን) ቻትጂፒቲ ከሚባለው ጥያቄ መላሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጠየቅ ነው። በወሎ የቂርአት ማእከሎች በዳናም በጀማ ንጉሥም ደረሳ (ተማሪ) መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ላይ ቀራህ?» ተብሎ ነው። ሐዲስም እገሌ ከእገሌ ሰማ እየተባለ በሰነድ ነው የደረሰን። ማሽኑ ሰነድ የለውም፤ ካነበበው ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል ይገምታል። ስለዚህ ቡኻሪ ውስጥ የሌለ ንግግር የቡኻሪን ስምና የሐዲስ ቁጥር ለጥፎ፣ አማርኛውን አሳምሮ ሊያቀርብላችሁ ይችላል። የሚያሳስተውም ማማሩ ነው። ሐዲስ ሲሰጣችሁ የኪታቡን ስም፣ ምዕራፉንና ራዊውን (ያስተላለፈውን ሰው) ጠይቁት፤ ከዚያ ኪታቡን ራሱን ግለጡ። ቁጥሩ ከኅትመት ኅትመት ይለያያልና በቁጥር ብቻ አትፈልጉ። ካጣችሁት አታጋሩት፤ ወደ ሸሁ ውሰዱት። የፍቺና የውርስ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ማሽኑን ተዉት፤ ባለጉዳዮቹን ፊት ለፊት ሳይሰሙ የሚፈረድ ነገር አይደለም።

ሹራስ፣ መመካከሩስ? «ነገራቸውም በመካከላቸው መመካከር የሆነ» (ሹራ 38) ተብሎ ምእመናን ተመስግነዋል። የመስጂድ ኮሚቴ በቴሌግራም ድምፅ ሲሰበስብ ሁለት ነገር ይበላሻል፦ ክርክሩን ያልሰማ ሰው ዝም ብሎ ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለት ሲም ያለውም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጥያቄው ተጽፎ ጁሙዓ ይነበብ፣ ለሳምንት ይመከርበት፣ ድምፁ በስልክ ቁጥር ሳይሆን በአባላት ስም ዝርዝር ይቆጠር። ስልክ የሌላቸው ሽማግሌዎችና እናቶች ከሶላት በኋላ በቃል ይጠየቁ፤ ጸሐፊውም የእነሱን ድምፅ እዚያው ዝርዝር ላይ ያስገባ።