ፊውዝል ምንድን ነው? ራስ ምታቱስ የማን ነው?

«ይህ ቢራ ፊውዝል የበዛበት ነው፤ ራስ የሚፈልጠው ለዚያ ነው።» ይህን አባባል ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ቤቶች እስከ ሠርግ ድንኳን ድረስ እንደ ፍርድ ሲደጋገም እሰማለሁ። ቀድሞ «ኬሚካል አለበት» ነበር የሚባለው፤ አሁን ኬሚካሉ ስም ወጣለት። ስም መውጣቱ ባልከፋ፤ የሚያናድደው «መጠኑስ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። በጠመቃ ሙያ ላይ ለቆየ ሰው መጠን ያልተነገረበት ክስ ክስ አይባልም።

ፊውዝል የሚባሉት እርሾ በሚያብላላበት ጊዜ ከዋናው አልኮል ከኢታኖል ጎን ለጎን የሚያወጣቸው ከበድ ያሉ አልኮሎች ናቸው፤ ፕሮፓኖል፣ አይሶቡታኖል፣ አይሶአሚል አልኮልና የመሳሰሉት። ፊውዝል የሌለው ቢራ የለም። ቢኖርም ጠረኑ የጎደለ ይሆን ነበር። መጠኑን በዋናነት የሚያንረው ሙቀት ነው። የአገራችን ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠምቁት፣ ላገር የሚባለው የቢራ ዓይነት ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ ስለሚብላላ ፊውዝሉ ዝቅ ያለ ነው። ታንኩ ከሞቀ ወይም እርሾው ምግብ ካነሰው ይጨምራል። ቢራውን በፊውዝል የሚከሰው ሰው ልክ የሆነው እስከዚህ ድረስ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንሂድ። 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ቢራ 40 ግራም ያህል ኢታኖል ይይዛል። በዚያው ሊትር ውስጥ ያለው ፊውዝል በሙሉ ተደምሮ አንድ አሥረኛ ግራም አካባቢ ነው። አራት መቶ ለአንድ ማለት ነው። አራት መቶ የተጠራ እንግዳ የበላበት ሠርግ ላይ አንድ ድንኳን ሰባሪ ገባ እንበል። በማግስቱ ድስቱ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ «ያ ድንኳን ሰባሪ ጨረሰብን» ይላል። ሰውየው ጨዋ ነው አላልኩም፤ ወንበር ሰብሮ፣ ሙሽራዋን አስቀይሞ ሊሆን ይችላል። ድግሱን የጨረሱት ግን በክብር ተጠርተው፣ ከፊት ተቀምጠው የበሉት ናቸው። ሌላም አለ፤ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ የሚቆይ ድንኳን ሰባሪ አይጠፋም። እሱ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ነው፤ ጉበት ኢታኖልን ካላስተናገደ ወደ እሱ አይዞርም። ብቅል ቢራ ውስጥ ግን ሜታኖል እጅግ ጥቂት ስለሆነ እዚህ ድንኳን ደጃፍ የሚታይ አይደለም። ሰው የሚያሳውረውና የሚገድለው የሜታኖል መመረዝ በአብዛኛው የሚመጣው የኢንዱስትሪ አልኮል ከተቀላቀለበት ሕገወጥ መጠጥ ነው። ፊውዝልንና ሜታኖልን ማምታታት አደጋ አለው።

«ጥናት አለ» የሚለኝም አይጠፋም። አዎ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ቦርቦን ውስኪን ከቮድካ ጋር አወዳድሯል። ቦርቦን ውስጥ ያሉት ከኢታኖል ውጭ የሆኑ ውሕዶች ከቮድካው 37 እጥፍ ነበሩ፤ የጠጡትም በማግስቱ የባሰ ሕመም ተሰምቷቸዋል። እንቅልፍንና የማግስቱን የሥራ ብቃት ግን ሁለቱም መጠጦች እኩል ጎድተዋል። 37 እጥፍ ልዩነት ያን ያህል ብቻ ካደረገ፣ በሁለት ላገሮች መካከል ያለው ጥቂት ልዩነት አንዱን መልአክ ሌላውን ሰይጣን ሊያደርገው አይችልም።

ታዲያ ራስ ምታቱ ከየት መጣ? ኢታኖል ሽንትን የሚቆጥበውን ሆርሞን ያፍናል፤ ሰውነት ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚዘነጋው የእኛው አገር ጉዳይ ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ከቀትር ጀምሮ ጣና ዳር ተቀምጦ፣ ጨው የበዛበት ዓሣ ጥብስ እየበላ፣ ውኃ ሳይቀምስ የጠጣ ሰው ድርቀቱን የጀመረው ከመጀመሪያው ጠርሙስ በፊት ነው። ከጾም ጋር በባዶ ሆድ የጠጣም አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡና አለ። በየቀኑ ጠዋት ቡና የለመደ ሰው እሑድ እስከ ረፋድ ተኝቶ ካሳለፈ፣ ካፌይን ያጣ ጭንቅላት ካለፈው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መፍለጥ ይጀምራል። ቅዳሜ ጠዋት የተጠጣው ቡና የመጨረሻው ከነበረ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ሰዓቱ ደርሷል። ጥፋቱ ግን በቢራው ላይ ይለጠፋል፤ በተለይ በርካሹ ቢራ ላይ።

ከቢራው በኩል የሚመጣ ነገር ፈጽሞ የለም አልልም። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ውሎ ያደረ ሳጥን ውስጥ ያለ ቢራ ጣዕሙ ይበላሻል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ይብሳል። ከፍተው ሲያሸቱት መጥፎ ሽታ አፍንጫ ይመታል። ይህ ሆፕ የሚባለው የቢራ ማጣፈጫ ተክል መራራ ከብርሃን ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ሽታ ነው፤ ያስጠላል እንጂ ራስ አያሳምምም። የድራፍት ነገር ይለያል። ቧንቧው በየሁለት ሳምንቱ ካልታጠበ ባክቴሪያ ያድርበታል፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ ታይራሚን የሚባል ውሕድ ያመርታል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ታይራሚን ሲገባበት የደም ግፊቱ ድንገት ሊያሻቅብና ራሱን በኃይል ሊያመው ይችላል። ይህን ሳልጠየቅ ነው የምናገረው፤ ቧንቧው መቼ እንደታጠበ አስተናጋጁን የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ጠላን በተመለከተም «ጌሾው ነው» የሚሉ አሉ። ዘጌ የጌሾ አገር ናት፤ ወቀሳውም ደጋግሞ ወደዚያው ይሄዳል። ጠላ በጋን ውስጥ በክፍል ሙቀት ስለሚብላላ ፊውዝሉ ከላገር የመብለጥ ዕድል አለው፤ እሱም ቢሆን የሙቀቱና የእርሾው ሥራ ነው። ዋናው ችግር ግን የአልኮሉ መጠን ከቤት ቤት፣ ከጋን ጋን መለያየቱ ነው። በጠርሙስ ላይ 5 በመቶ ተብሎ ይጻፋል፤ በጣሳ ላይ የሚጻፍ የለም። ሰውየው ሦስት ጣሳ ጠጣሁ ይላል እንጂ ስንት ግራም አልኮል እንደጠጣ አያውቅም።

አንድ የተወሰነ የቢራ ዓይነት ብቻ ያሳምመኛል የምትሉ ሰዎች ክሱን ራሳችሁ ፈትኑት። ሌላ ሰው ሁለቱን ቢራዎች በማይለይ ብርጭቆ ይቅዳላችሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አትወቁ። በተለያየ ሳምንት፣ እኩል መጠን፣ ተመሳሳይ ምግብ በልታችሁ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ጠጡ፤ በማግስቱም ቡናችሁን በሰዓቱ ጠጡ። ከሙከራው በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የአልኮል መቶኛ አነጻጽሩ፤ በ4 ተኩልና በ7 በመቶ መካከል ያለውን ልዩነት በፊውዝል የሚያመካኝ ብዙ ሰው ገጥሞኛል። ግማሽ ብርጭቆ ሳይሞላ ራሱን የሚያመው ሰው ግን ጉዳዩ የማግስት ሕመም ስላልሆነ ሐኪም ቢያየው ይሻለዋል። ማታውኑ «ለነገ» ብሎ ፓራሲታሞል የሚውጠውም ይተወው፤ ጉበቱ በዚያ ሰዓት የያዘው ሥራ ይበቃዋል።