የ25 ዓመቱ ሕግ ከየት ጀምሮ ይቆጥራል?
ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር አር34 ከጃፓን ወደ አሜሪካ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ስለ «25 ዓመቱ ሕግ» መስማቱ አይቀርም፤ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአሜሪካን የደህንነት መስፈርት ባያሟላም እንዲገባ የሚፈቅደው ሕግ ነው። ብዙዎች የሞዴሉን ዓመት ይቆጥራሉ። ሕጉ ግን የሚቆጥረው መኪናው ከተሠራበት ወር ጀምሮ ነው። ኦገስት 2001 የተሠራ መኪና ኦገስት 2026 ላይ 25 ይሞላዋል። ሻጩ «የ2001 ነው» ስላለ ብቻ ጃንዋሪ ላይ ወደብ ካደረሳችሁት ጣጣ ነው።

ጉዱ ያለው ወሩን ማግኘቱ ላይ ነው። የጃፓን ኤክስፖርት ወረቀት የሚያሳየው መጀመሪያ የተመዘገበበትን ወር እንጂ የተሠራበትን አይደለም። ዓመቱም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተጽፎ ሊመጣ ይችላል፤ ሄይሴይ 11 ማለት 1999 ነው። (በሁለት ካላንደር ላደግን ለእኛ ይሄ ብርቅ አይደለም።) የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቱት። ሥሩ ላይ የተሰፋችው ቁራጭ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ቀበቶው የተሠራበትን ጊዜ ትናገራለች። ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለችም፤ ቀበቶ ይቀየራል። በሻሲ ቁጥሩ አስጣሩ።

የጭስ ሕጉ ደግሞ ሌላ ነው። በፌዴራል ደረጃ 21 ዓመት ይበቃል፣ ሞተሩ እንደ ፋብሪካው ከሆነ። ካሊፎርኒያ ለምትኖሩ ግን የግዛቲቱ የጭስ ሕግ ጠበቅ ያለ ነው፤ ሳትከፍሉ ጠይቁ።